አሮጊቷና ስድስት ባትሪዎቿ

በቅርቡ እዚህ ሀዋሳ ለሙያ ሰልጣኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። አንድ ተማሪ በስልኩ ቀድቶልኝ ስለነበር እየሰማሁ ጻፍኩት። ሳል የበዛበትን ቦታ ቆርጫለሁ። እዚያ ረስቼው የመጣሁትን ደግሞ ጨምሬበታለሁ።

እንደምን ዋላችሁ ልጆች።

መምህራችሁ ሲጋብዘኝ «ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሆነ ነገር ይንገሯቸው» ነበር ያለኝ። እኔ ግን የኤሌክትሪክ መኪና የለኝም። ያለኝ የኤሌክትሪክ ትራክተር ነው። እሱም የሚያርስ አይደለም፤ የሣር ማጨጃ ነው። ተቀምጠህ የምትነዳው፣ ከሆዱ ስር ምላጭ ያለው። ስትገቡ በር ላይ አይታችኋታል። «ይቺ ደግሞ ከየት የመጣች ጉድ ናት» ያለ ልጅ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም። እኔም መጀመሪያ ሳያት ያልኩት ይህንኑ ነው።

ከተሠራች ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ዛሬም ታጭዳለች። ጠዋት እናንተ ክፍል ውስጥ ሳላችሁ የዚህን ግቢ ሣር ግማሹን አጭዳለች። ማን ሰማ? ማንም። ከምላጮቿ ፉጨት በቀር ድምፅ የላትም።

እንዴት እጄ እንደገባች ልንገራችሁ። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ነው። ያኔ እዚሁ ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነበርኩ። አንድ የውጭ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ዕቃውን በጨረታ ሸጠ። ወንበር፣ ጀነሬተር፣ ፍሪጅ፣ የተሰበረ ፎቶኮፒ ማሽን። ጥግ ላይ ደግሞ አቧራ የጠጣች ይቺ። ዝርዝሩ ላይ «የተቃጠለ ትራክተር» ተብላ ተጽፋለች። ተፎካካሪዬ አንድ ቁራሌ ብቻ ነበር። እሱ ብረቱን በኪሎ አስቦ ዋጋ ጠራ። እኔ ትንሽ ጨመርኩ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ብረቱን መቼ ነው የምትሸጥልኝ?» ይለኛል።

ኮፈኗን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። የተቃጠለው ሞተሩ አይደለም፤ ቻርጀሩ ነው። ማሽኗ የመጣችው ከአሜሪካ ነው። አሜሪካ ግድግዳ ላይ ያለው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አንድ ሰው ሶኬቱን ቀይሮ ዝም ብሎ ሰክቶታል። ጭሱ የወጣው ከትራንስፎርመሩ ነበር። ሽታው ከስንት ጊዜ በኋላም አለቀቀም።

ብዙ ሰው «ታዲያ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር መግዛት ነው» ይላል። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ እውነት ነው። ኸርዙ ግን እዚያው 50 ላይ ነው። ለ60 ኸርዝ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ ውስጥ ያለው የማግኔት ኃይል ከልኩ ያልፍና ይግላል። ብረቱን ቆጥበው የሠሩት ከሆነ ውሎ አድሮ ይሄዳል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁን ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። «50/60» የሚል ካለ ተንፍሱ።

የድሮውን ቻርጀር አወጣሁት። ሞተር የሚጠቀልል ወዳጅ ነበረኝ፤ ለ220 የሚሆን ትራንስፎርመር ጠቀለለልኝ። የኤሌክትሪክ ጅረትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ጨመርንበት። ዓመታት አገልግሏል። አሁን ሲሞላ ራሱን የሚያጠፋ ዘመናዊ ቻርጀር ይዣለሁ፤ በሌሊት እየተነሱ ማየት ቀርቷል።

ስለ ዘሯ ትንሽ ልበል። ኤሌክ-ትራክ ትባላለች። ሠሪው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ነው፤ አምፖልና ተርባይን ይሠራ የነበረው ያው ትልቁ ድርጅት። ፋብሪካው ኒውዮርክ ግዛት፣ ስኬኔክታዲ የምትባል ከተማ ነበር። ማምረት የጀመሩት በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ከኢ-8 እስከ ኢ-20 የሚጠሩ ዓይነቶች አወጡ። ሣር ማጨጃ ብቻ አይደለችም። በዚያው ባትሪ የሚሠራ የዛፍ መቁረጫ መጋዝ ነበራት፣ የአጥር መከርከሚያም ነበራት፣ በረዶ መጥረጊያ ሳይቀር። በረዶ መጥረጊያው ሀዋሳ ምን እንደሚሠራ እናንተው ንገሩኝ።

ዘመኑን አስቡት። በ1973 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ የአረብ አገሮች ነዳጅ አገዱ፤ ዋጋው ሰማይ ነካ። በእኛ አቆጣጠር 1966 መሆኑ ነው። የካቲት ላይ አዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ዋጋ ጨመረ ብለው ሥራ አቆሙ። ከዚያ የመጣውን አባቶቻችሁ ይነግሯችኋል። ያን ሰሞን ስኬኔክታዲ ውስጥ ቤንዚን የማትጠጣ ትራክተር እየተገጣጠመች ነበር። ያም ሆኖ ብዙ አልገፉበትም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ሥራውን ዊል ሆርስ ለሚባል የትራክተር ሠሪ ሸጡት። እሱም ቆይቶ ተወው።

እንግዲህ ሠሪው የለም፤ ወኪል የለም፤ መለዋወጫ የሚያዝ ሱቅም የለም። ታዲያ እንዴት እስከ ዛሬ ቆየች?

ብዙ ሰው «ኤሌክትሪክ ስለሆነች ጥገና አትፈልግም» ይለኛል። አሁን ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም ይኸው ነው የሚወራው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ሁሉም ሰው «ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ፊልትሮ የለ» ሲል ትሰማላችሁ። እውነት ነው፣ የሉም። ጥገናው ግን አልጠፋም፤ ቦታ ነው የቀየረው። የእኔዋ ጥገና ከአስር ዘጠኙ ባትሪና የሽቦ ማሰሪያ ነው። ሞተሩን በሃያ ዓመት የነካሁት ሦስት ጊዜ ነው። ባትሪውን የማላይበት ሳምንት የለም።

እስቲ ባትሪ ጋ እንሂድ።

ስድስት ባትሪ አላት። እያንዳንዱ 6 ቮልት ነው። በተከታታይ ሲታሰሩ 36 ቮልት ይሆናሉ። አብዛኞቹ ከፊት ኮፈን ስር ናቸው። አንዱ 28 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስድስቱ አንድ ላይ ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ ናቸው። ብቻችሁን እንዳታነሱ። ወገቤን ጠይቁት።

መጀመሪያ ስገዛት ባለ 6 ቮልቱን አላገኘሁም። ብልጥ ነኝ ብዬ ሦስት የአይሱዙ ባትሪ አሰርኩባት። ሦስት ጊዜ 12 ያው 36 ነው። በደስታ ሠራች። አራት ወር አልሞላትም፣ ግማሽ ግቢ አጭዳ መቆም ጀመረች። በስድስተኛው ወር ባትሪዎቹ ለበር መዝጊያ ድጋፍ ሆኑ።

ጥፋቱ የባትሪዎቹ አይደለም። የመኪና ባትሪ ሥራው ሞተር ማስነሳት ነው። ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፣ ከዚያ ዲናሞው ይሞላዋል። ለዚህ ሲባል ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ስስና ብዙ ናቸው። ግማሽ ድረስ ስታወርደው ይጎዳል፤ ደጋግመህ ስታወርደው ይሞታል። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሆነው ሰሌዳው ወፍራም የሆነ፣ ቀስ ብሎ ሰዓታት የሚሰጥ ነው። የጎልፍ መኪና፣ የፎርክሊፍት ወይም የሶላር ባትሪ እንደዚያ ነው። የመኪና ባትሪ መቶ ሜትር ሯጭ ነው። እኛ የምንፈልገው ሃይሌን ነው። (እዚህ ላይ ሳቁ። ሪዞርቱ እዚሁ ሐይቁ ዳር ስለሆነ ነው መሰል።)

ውሃ። ባትሪ ሲሞላ ውስጡ ያለው ውሃ በከፊል ወደ ጋዝ ተለውጦ ይወጣል። አሲዱ አይወጣም፤ የሚጎድለው ውሃው ነው። ስለዚህ የሚጨመረውም ውሃ ብቻ ነው። አሲድ የሚጨምር ሰው አያለሁ፤ ባትሪውን እያቃጠለው ነው። ውሃውም የተጣራ የባትሪ ውሃ ይሁን። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ብረት አለው። የኛ ስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ምን እንዳለው ጥርሳችንን ያየ ያውቃል። ጥርስን እንዲያ ያደረገ ውሃ ሰሌዳውን ይምርልኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

መቼ ነው የሚጨመረው? ከሞላ በኋላ። ሲሞላ ፈሳሹ ከፍ ይላል። ቀድመህ እስከ አፉ ከሞላኸው በቻርጅ ጊዜ አሲዱ ይገነፍልና ሳጥኑን ይበላል። ሰሌዳው ተጋልጦ ካገኘኸው ብቻ፣ እሱን እስኪሸፍን ጠብ አድርገህ ከዚያ ቻርጅ ታደርጋለህ።

አንድ ጊዜ ውሃ ስሞላ ክዳኖቹን አጥሩ ላይ ደርድሬ ነበር። ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል ብቻ ነው ጦጣ ያለው ያለ ሰው ተሳስቷል። አንዷ መጣች፣ አንዱን ክዳን መረጠች፣ ዛፍ ላይ ወጣች። ነክሳ አየችው፤ ጣዕሙ እንዳልተመቻት ከፊቷ ያስታውቃል። ግን አልመለሰችውም! ከአሮጌ ባትሪ ላይ ነቅዬ ተካሁት። ከዚያ ወዲህ ክዳን ኪሴ ውስጥ ነው የሚገባው። አሲዱ ኪሴን ከበሳው በኋላ ደግሞ ጣሳ ገዛሁ።

መለካት። ባትሪው ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ቴስተር ስታስገቡበት ባለ 6 ቮልቱ 6.3 ወይም 6.4 ሊያሳይ ይገባል። ወደ 6.0 ከወረደ ግማሽ ላይ ነው፤ እዚያ ጋ ማቆም ነው። ከቴስተሩ የበለጠ እውነት የሚናገረው ግን ሃይድሮሜትር ነው፤ አሲዱን መጥጦ ክብደቱን ከውሃ ጋር የሚያነጻጽረው የመስታወት ቱቦ። እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ይነግራችኋል። ሙሉ ከሆነ 1.265 እስከ 1.280 ያሳያል። የእኔዋ 18 ክፍል አላት፤ በየባትሪው ሦስት። ሁሉንም በደብተር እጽፋለሁ። ልጄ «አባዬ የባትሪ ዕድር ጸሐፊ ሆነ» ትላለች።

ደብተሩ ግን አድኖኛል። አንድ ዓመት 17ቱ ክፍል ደህና ሆነው አንዱ 1.180 ላይ ተገተረ። ስድስት ባትሪ መግዛት ለኪሴ ስለከበደኝ ያ ክፍል ያለበትን ባትሪ ብቻ በአዲስ ቀየርኩ። ጥንድ በሬ አይታችኋል አይደል? ብርቱና ደካማ አንድ ቀንበር ላይ ሲጠመዱ ብርቱው ነው የሚቆስለው። በተከታታይ የታሰረ ባትሪም እንደዚያ ነው። በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ጅረት አንድ ዓይነት ነው። አሮጌዎቹ ቀድመው ይሞላሉ፣ ቀድመውም ያልቃሉ። ቻርጀሩ ሞላ ብሎ ሲቆም አዲሱ ገና ነው። በየቀኑ ጎዶሎ እየሠራ ከረመና በዓመቱ ከአሮጌዎቹ ጋር እኩል ሆነ። ከቀየራችሁ ስድስቱንም ቀይሩ። ገንዘብ ከሌላችሁ ተመሳሳይ ዕድሜ ያለው ያገለገለ ፈልጉ።

ከሁሉም የባሰው ጥፋቴ ግን መሄዴ ነው። ወንድሜ ታሞ ሦስት ወር አዲስ አበባ ከረምኩ። ትራክተሯን ሣር አጭዳ እንደገባች ትቻት ነበር፤ ቻርጅ ሳላደርግ። እርሳሱና አሲዱ ሲጋጠሙ የሚፈጠረው ጨው በባዶ ባትሪ ውስጥ ሲከርም እየጠነከረ ክሪስታል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቻርጀር አይፈታውም። ስመለስ ስድስቱም ቮልት ያሳያሉ፤ ስነዳት በር ድረስ እንኳ አልደረሰችም። ሥራ ስትጨርሱ እጃችሁን ከመታጠባችሁ በፊት ቻርጀሩን ሰክታችሁ ነው መሄድ። መብራት ከጠፋ ማታም ሲመጣ ተነሱ።

ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን አለበት፤ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። ስለዚህ ኮፈኑን ክፈቱ፣ በር ክፈቱ፣ ሲጋራ የሚያጨሰውን አርቁ። አሲድ ከፈሰሰ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት፤ አረፋው ሲያበቃ እጠቡት። ያለቀውን ባትሪ ደግሞ ቱቦ ውስጥ እንዳትደፉ። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም። የገባው እርሳስ እዚያው ነው የሚቀረው፣ ከቆሮሶው ጋር። ሙሉውን ባትሪ ለገዢ ስጡ፤ እርሳሱ እንደገና ይቀልጣል፣ ገንዘብም አለው።

አሁን ወደ ማሰሪያዎቹ። ብዙ ጊዜ «ሞተሩ ደከመ» ተብሎ የሚመጣው በሽታ እዚህ ነው ያለው።

ስድስት ባትሪ ማለት 12 የማሰሪያ ቦታ ነው። ማጨጃዋ ወጥራ ስትሠራ፣ ዳገት ላይ ከሆነች ደግሞ፣ 100 አምፒር ሊያልፍ ይችላል። አሁን አንዷ ማሰሪያ ላልታለች እንበል፣ ነጭ ዱቄት በልቷታል። የመቶኛ ኦም ያህል ተቃውሞ ብቻ ፈጠረች፤ 0.01። ቴስተራችሁ በደንብ እንኳ አያየውም። 100 አምፒር በ0.01 ሲባዛ 1 ቮልት ነው። አንድ ቮልት ምን አላት ትላላችሁ። 1 ቮልት በ100 አምፒር 100 ዋት ነው። የድሮው ባለ 100 አምፖል እንዴት እንደሚያቃጥል ታውቃላችሁ? ያ ሁሉ ሙቀት እዚያች ጣት የምታክል እርሳስ ላይ ነው። እርሳሱ ይለሰልሳል፣ ማሰሪያው ይበልጥ ይላላል፣ ይበልጥ ይግላል። አንድ ጊዜ የባትሪ ጫፍ እንደ ሻማ ቀልጦ አግኝቻለሁ።

የቤቱ መስመር 220 ስለሆነ ትንሽ ዝገት ይታገሣል። እዚህ ግን ቮልቴጁ ትንሽ ስለሆነ ጅረቱ ትልቅ ነው። ትልቅ ጅረት ንፁህ ብረት ይፈልጋል። ስለዚህ በየወሩ ፈትቶ በሽቦ ብሩሽ ማፅዳት፣ አጥብቆ ማሰር፣ ከላይ ቫዝሊን መቀባት። የላላውን ለማግኘት ቀላል ዘዴ አለ። ሃያ ደቂቃ አሠሯት፣ አጥፏት፣ ዋናውን ማላቀቂያ ንቀሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ዳስሱ። የሚግለው እሱ ነው።

«36 ቮልት አይነዝርም» ብሎ የሚቀልድ አለ። ብዙ ጊዜ አይነዝርም። ግን ያቃጥላል። ጋራዥ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ቁልፉ ከእጁ አምልጦ በሁለቱ ጫፍ መካከል ወደቀ። እንደ ብየዳ ነው ያበራው። ቁልፉ ተጣብቆ ቀይ ሆነ። ልጁ ቀለበት ቢያደርግ ኖሮ ጣቱ አይተርፍም ነበር። ቀለበት፣ ሰዓት፣ የአንገት ሐብል አውልቁ። ቁልፎቻችሁን በአሮጌ ካላማደርያ ጠቅልሏቸው፤ አፋቸው ብቻ ይቅር። የእኔን ታያላችሁ፤ ሁሉም ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል።

ሞተሩን በአጭሩ ልለፈው ብዬ ነበር። አንድ ነገር ግን ደስ ስለሚለኝ ልቆይበት።

ፍጥነቷን የሚቆጣጠረው እንደ ዛሬ መኪና ኮምፒውተር አይደለም። ኮንታክተሮች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ማብሪያዎች፣ እና የተጠቀለሉ የብረት ሬዚስተሮች ናቸው። ዝግ ስትል ጉልበቱ ሬዚስተር ላይ በሙቀት ይባክናል፤ ጥሩ አይደለም፣ ግን ይሠራል። ለፍጥነት ግን ሌላ ዘዴ ነው። ሞተሩ ሁለት ነገር አለው፤ የሚሽከረከረው መሐል፣ ዙሪያውን ደግሞ ማግኔት የሚሆን ጥቅል። ፍጥነት ስትጨምር የማግኔቱን ጅረት ትቀንሳለች። ማግኔቱ ሲደክም ሞተሩ ይፈጥናል!

ግራ አይገባም? እኔ ሦስት ቀን ተኝቼ አላደርኩም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሲዞር ራሱ እንደ ዲናሞ ሆኖ ወደ ኋላ የሚገፋ ቮልት ያመነጫል። ያ ቮልት የሚገባውን ጅረት ይገታል። ማግኔቱ ሲደክም በዚያው ፍጥነት የሚገፋው ቮልት ያንሳል፤ ጅረት በብዛት ይገባል፤ ሞተሩም የሚገታው ቮልት እስኪመለስ ድረስ ይፈጥናል። ታዲያ የማግኔቱ ሽቦ ጭራሽ ቢበጠስስ? ጭነት የሌለበት ሞተር ማቆሚያ የለውም፣ ራሱን እስኪበትን ይበራል። ስለዚህ ሽቦ ስትፈትሹ ጎማው ከመሬት ይነሣ፣ እጃችሁ ማላቀቂያው ላይ ይሁን። የዛሬዎቹ ግን ማግኔታቸው ቋሚ የሆነ ሞተሮችም ፍጥነት ላይ ሲደርሱ ኮምፒውተሩ በዘዴ ማግኔቱን ያዳክመዋል። ስለዚህ ይህን ከአሮጊቷ መማር አያሳፍርም።

ለሚሽከረከረው መሐል ጅረት የሚያደርሱትን ካርቦኖች በዓመት አንድ ጊዜ አያለሁ። ካርቦኑ የሚረግጠው የመዳብ ቀለበት ቸኮላት የመሰለ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ እንዳትነኩት። ጠቁሮ ከሻከረ በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጉት። ጥቁሩን የብረት ሸራ ወረቀት አትጠቀሙ፤ ብናኙ ጅረት ያስተላልፋል፣ በመዳቦቹ መካከል ገብቶ ያገናኛቸዋል። ካርቦኑ ሲያልቅ የፎርክሊፍት ካርቦን ገዝተን በመጋዝና በሞረድ ልኩን እናወጣለታለን። ሩብ ቀን ነው የሚፈጀው። ኩሽኔታው ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ያን ቁጥር ይዞ ሱቅ መሄድ ነው። ቺንጋም እንደዚሁ። ሠሪው ከጠፋ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው ማሽን በፒያሳ ዕቃ ይኖራል።

ምላጮቹ ሦስት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ሞተር። ሞረድ ከምላጩ አንዱን ወገን አብዝቶ ከበላ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታ ይጨርሳል። ግድግዳ ላይ ሚስማር መትታችሁ መሐል ቀዳዳውን ስቀሉት። ያዘነበለው ወገን ከባድ ነው፣ እሱን ሞርዱት። ከሥራ በኋላ ሥሯን አፅዱ። እርጥብ ሣር ተጣብቆ ካደረ ብረቱን ይበላዋል።

ስለ ሣሩ ካነሳን፣ እኔ ጋር የተጣላች አንዲት ጎረቤት አለች። ድሮ የግቢያችንን ሣር በማጭድ አጭዳ ለላሟ ትወስድ ነበር። ትራክተሯ ስትመጣ ሣሩን አደቀቀችው። ለከብት አይሆንም፤ ወዲያው ይሞቃል፣ ይሸታል። «አንተ ሰውዬ፣ ለብረትህ ብለህ ላሜን ታስርባታለህ?» አለችኝ። ትክክል ናት። አሁን የጀርባውን ግማሽ ለማጭድ ትቼላታለሁ። ወተት ደግሞ አልፎ አልፎ ይመጣል።

ጥያቄዎች ነበሩ። ሁለቱን ልጻፍ።

አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ለምን ሊቲየም አያስገቡባትም?» አለኝ። ይቻላል። 3.2 ቮልት የሆኑ 12 የሊቲየም ብረት ፎስፌት ክፍሎች 38.4 ቮልት ይሰጣሉ፤ ለሷ ተስማሚ ነው። ግን እያንዳንዱን ክፍል የሚጠብቅ ሰርኪዩት ግድ ነው፤ ቻርጀሩም ይቀየራል። ክብደቱም አለ። የእርሳሱ ኩንታል ተኩል ነው ጎማዋን መሬት የሚያስይዘው። ቀላል ባትሪ ካስገባሁ እርጥብ ዳገት ላይ ትንሸራተትና አሸዋ ልጭንባት ነው። ዋጋውን ስሰማ ደግሞ አሸዋውም ይቅር አልኩ።

ሌላው «ያዋጣል ወይ?» ነው። ሁለት እንግዳ ማረፊያዎች ጋ አጭዳለሁ። እንግዳ ሲተኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሚያጭድ ሌላ ማሽን የላቸውም፤ የቤንዚኑ ሁሉንም ይቀሰቅሳል። ባጃጆች ቤንዚን ፍለጋ ሲሰለፉ እኔ ጋር ሰልፍ የለም። መብራት ሲጠፋ ግን እኔም እንደማንኛውም ሰው ሻማዬን አብርቼ እቀመጣለሁ። የሒሳቡን ደብተር አልያዝኩም። የባትሪው ይበቃኛል።

ከንግግሩ በኋላ ወጥተን ተራ በተራ ነዷት። ወንዶቹ ማን ይፈጥናል ብለው ተጣሉ። አንዲት ልጅ ግን ዝግ አድርጋ ሄዳ፣ ተመልሳ መጣችና «ጋሼ፣ የግራ ምላጭዋ ይጮኻል» አለችኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ጆሮዬ ከብዷል። ማላቀቂያውን ነቅለን ከስር አየናት። የግራው ሞተር ኩሽኔታ ደርቋል፤ ግራሶው አልቆ ሲያፋጭ ነበር። ካላማደርያ የለበሰውን ቁልፌን ሰጠኋት። ፈታችው፣ ጠረገችው፣ ቁጥሩን በስልኳ ፎቶ አነሳች።

«ነገ ፒያሳ አገኝልዎታለሁ» አለችኝ።